ከማን ነው የመጣው

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ወፍጮ፣ አንድ ትልቅ ሚዛን፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ጩኸት ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ሲመጣ ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ስል ቃል አያወጣም ማለቴ እንጂ፣ ከጉሮሮው የሚወጣ ሌላ ነገር ነበር።

ምግብ በልቶ ትንሽ እንደቆየ ከደረቱ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። አየር የገባበት የውሃ ቧንቧ ሲከፈት እንደሚያሰማው ዓይነት ይንጓጓና፣ አንገቱ ላይ ሲደርስ "ቋ" ብሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ አፉ ተዘግቶ ነው። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ድምፅ ተነጋግረን አናውቅም። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። ድግስ ሲጠራ አባቴ ሳይበላ ሄዶ ሳይበላ ይመለሳል፤ ለምን ሲሉት "ዛሬ ሆዴን ትንሽ ስላመመኝ ነው" ይላል። እኔ በልጅነቴ የሰው ሁሉ አባት እንደዚያ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

የእኔ የጀመረኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ከምሳ በኋላ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ምሳዬን በጥድፊያ በልቼ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በላዩ ላይ ቸልሼበት ነበር የገባሁት። በክፍሉ ውስጥ እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንዳለሁ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንከባለል ተሰማኝ። ልውጠው ሞከርኩ። ስውጠው ባሰበት። ከዚያ አንገቴ ላይ ወጥቶ "ቋ" አለ።

መጀመሪያ ሁሉም ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከኋላ አንዱ "እንቁራሪት ገባች" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ከማን ነው የመጣው?" አሉ የሒሳብ አስተማሪያችን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው።

ሁሉም ወደ እኛ ወንበር ዞረ። እዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጠው ሁለት ነን፤ እኔና የወንበር ጓደኛዬ። ስሟ ሲጠራ እንኳ "አቤት" የምትለው ለራሷ ነው፣ እንዲያ ዓይናፋር ናት። እኔ ምንም አልተናገርኩም። በጣቴም አልጠቆምኩም። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሷ ትንሽ ፈቀቅ አልኩ። ቢበዛ አንድ ስንዝር ነው። ግን ሰው ከሚሸት ነገር ፈቀቅ እንደሚለው አድርጌ ነው ፈቀቅ ያልኩት፤ ክፍሉም የሚበቃውን ምስክር አገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ስም እንቁራሪት ሆነ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር። ድምፁ ግን በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ እዞራለሁ። በኋላ ምሳ መብላት ተውኩ፤ ባዶ ሆድም አላዳነኝም። እሷ ደግሞ ደብተሯን ሆዷ ላይ ለጥፋ መቀመጥ ጀመረች። ጥያቄ ብታውቅም እጇን አታወጣም። ልጆቹ የሚበሉበት ቦታ አትቀርብም።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው አጠገብ ብቻዬን አግኝታኝ፣ "እስቲ እውነቱን ንገሪኝ" አለችኝ። "አጠገቤ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እውነት ከእኔ ነው የሚመጣው? እኔ እኮ ሲመጣ አይታወቀኝም።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም፤ ውሃው ብቻ ነበር የሚንጠባጠበው።

"አዎ" አልኳት። "ግን ያን ያህል አይጮኽም። እኔ ለምጄዋለሁ።"

እጄን ያዘችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ማን አብሮኝ ይቀመጥ ነበር" አለች።

ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፍተውኝ ነበር። እናቴ በየቀኑ "ምነው ከሳሽ?" ትለኛለች፣ እኔም በየቀኑ "ኧረ ደህና ነኝ" እላታለሁ። አንድ ቅዳሜ የአባቴን ምሳ ይዤለት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ከውስጥ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብተን፣ እሱ ጆንያ ላይ እኔ ባልዲ ላይ ተቀምጠን፣ "አንቺም ብዪ እንጂ" ብሎ አስገድዶኝ አብረን በላን። ሞተሩ ስለሚጮህ አልፈራሁም። እዚያ ጩኸት ውስጥ ስበላ ምግብ የሚጣፍጥ ነገር እንደነበረ ትዝ አለኝ።

ድንገት መብራት ጠፋ። ሞተሩ እየተንገዳገደ ቆመ። ወፍጮውም ዞሮ ዞሮ ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በመጀመሪያ የእሱ ጉሮሮ ጮኸ፤ ገና ሳያበቃ የእኔ ተቀበለው።

አባቴ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"ካምና።"

"ሰው ሰምቷል?"

አንገቴን ደፋሁ። እሱ የገባው ሌላ ነገር ነው። የክፍሌ ልጆች እንደሚስቁብኝ መሰለው፤ እንዲመስለውም ተውኩት።

ማንኪያውን አስቀምጦ ያኔ ነው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር የነገረኝ። ወፍጮ ቤቱን ከመግዛቱ በፊት አስተማሪ ነበር። ጂኦግራፊ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስተምሯል። "ካርታ ለመስቀል ጀርባዬን ስሰጣቸው ከየወንበሩ ቋ፣ ቋ ይሉብኛል" አለ። "ስዞር ሁሉም ደብተሩ ላይ ያፈጣል። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው 'ጉሮሮህን ለምን አትታይም?' አሉኝ። ምን ብዬ ነው የምታየው? እንደዚህ እሆናለሁ ብዬ ሐኪም ፊት ልጮህ? አንድ ቀን ለእናትሽ እህል ላስፈጭ መጣሁ፤ እዚህ በር ላይ ቆሜ ጮኸብኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። በቃ፣ ቦታዬ ይኸው ነው አልኩ።"

ማታውኑ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ጊዜ አልወሰደባትም። "ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄዳለች" አለች።

"ምን ብላ?" አለ አባቴ። "አልሳለች፣ አላተኮሳት። ምንሽን ነው ሲሏት ምን ትበል? ይስቁባታል።"

"ይሳቁ።"

"አንቺ አታውቂውም።"

"እኔ ነኝ የማላውቀው?" እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "አንተን ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ እየከፈትኩ ሸፈንኩህ። ለእሷ የምከፍተው ሬዲዮ የለኝም።"

 አባቴ ሰኞ ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ይዞኝ ሄደ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴት ድምፅዋ የገበያ ነው። "ምኗን ነው የሚያማት?" አለች። ከኋላችን አሥር ሰው ተሰልፏል። አባቴ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ጉሮሮዋን" አለ።

"አልተሰማኝም።"

"ጉሮሮዋን።"

"ቶንሲል ነው?"

አባቴ ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ መሬት። "አዎ፣ ቶንሲል" አለ። ያ ነው ካርዱ ላይ የተጻፈው።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስንፈልግ ያየሁትን አልረሳውም። የወንበር ጓደኛዬ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች፤ እናቷ ጉልበታቸው ላይ የምርመራ ውጤት ያለበት ትልቅ ፖስታ ይዘዋል። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"አንቺንም አመመሽ?" አለች።

"ቶንሲል" አልኳት።

እናቷ ፀጉር ሠሪ ናቸው፤ ከሰው ጋር ማውራት ለምደዋል። አባቴ እንደተቀመጠ ያለ ጠያቂ ጀመሩለት። "ይቺ ልጄ ሆዷ ይጮኻል ጋሼ። ቤት ውስጥ እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ግን ይጮኻል ትላለች። ሦስተኛ ሐኪማችን ነው። መጀመሪያ ሽሮፕ ሰጡን። ቀጥሎ የትል መድኃኒት። ባለፈው ወር ደግሞ በአፏ ትቦ አስገብተው ጨጓራዋን አዩላት፤ እንዴት እንዳለቀሰች አይጠይቁኝ። ንጹሕ ነው ይላሉ። ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የሚጮኸው?"

አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። የሌላ ሰው ልጅም እንደዚያ መሆኗ ያጽናናው መሰለኝ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ትቦው ብዙም አያምም፤ ብቻ ያስመልሳል። አንቺ አትፍሪ፣ ለቶንሲል አያስገቡም" አለችኝ። ልታበረታታኝ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ መሬቱ ግን በሲሚንቶ የተለሰነ የሐኪም ቤት ኮሪደር ነው። ቁጥራችን ተጠራ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በባትሪ አፌን አይታ፣ አንገቴን ዳብሳ፣ ካርዱን ደግማ አነበበች። "ቶንሲልሽ ምንም አልሆነም" አለች። "ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?"

እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጆሮ ሥዕል ያያል። ሐኪሟ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች። ያ ጸጥታ ነው ጉድ ያፈላው፤ አባቴ ጠዋት ቁርስ በልቶ ነበር። ከኮቱ ሥር ተነሳ፣ ተንጓጓ፣ አንገቱ ላይ ደረሰና "ቋ" አለ።

"ይኸው ነው" አልኩ በጣቴ ወደ አባቴ እየጠቆምኩ። "የእኔም እንደዚህ ነው።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች። "አግስተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ምን?"

"ግሳት። ሰው ሲጠግብ ወይ ለስላሳ ሲጠጣ በአፉ አየር ይወጣዋል አይደል? አንቺን ወጥቶሽ ያውቃል?"

አሰብኩ። አያውቅም። አባቴም በኀምሳ ዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ አግስቶ አያውቅም። እንዲያውም እናቴ "በኔ ቤት ማንም ገበታ ላይ አያገሳም" እያለች በአስተዳደጋችን ስትኮራ ነው የኖረችው።

ሐኪሟ በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን። የጉሮሮ ማብቂያ ላይ እንደ ቀለበት የሆነ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል። አየር ከታች ሲመጣም መከፈት ነበረበት፤ የአንዳንድ ሰው ግን አይከፈትም። አየሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ደረት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሚጮኸው እሱ ነው። አንዳንዴ በቤተሰብ ይታያል። ጡንቻውን የሚያላላ መርፌ አለ፤ ትልቁ ሆስፒታል አስተኝተው ይወጋሉ፤ ወረቀት እጽፍላችኋለሁ አለች።

"እርስዎ ግን እስከ ዛሬ ለምን አልታዩም?" አለችው።

"አፍሬ" አለ አባቴ። ሌላ ምክንያት አልጨመረበትም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አሁንም ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ እጇን አወዛወዘችልኝ። አልፈናቸው ወጣን። አባቴ ግቢው ውስጥ ሲራመድ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ደጋግሞ በእጁ ይነካዋል። "በሽታ ነው እኮ" ይላል። "ስም ያለው በሽታ ነው።" በሩ ላይ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።"

ነገርኩት። ፈተናውን፣ ፈቀቅ ማለቴን፣ የወጣላትን ስም፣ ቧንቧው አጠገብ የጠየቀችኝንና የመለስኩላትን። 

"ያቺ አሁን ያለፍናት ልጅ ናት?" አለ።

"አዎ።"

"ትቦ ያስገቡባት?"

"አዎ።"

የደረት ኪሱን መንካት ተወ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ሸሸሁ" አለ በመጨረሻ። "በሰው ላይ ግን አልለጠፍኩም።" ከዚያ እጄን ይዞ "ነይ" አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ፊታቸው ስንቆም እናቷ "ምነው፣ የረሳችሁት ነገር አለ?" አሉ። አባቴ እጄን ለቀቀው። እኔ እንድናገር ነው።

"ከእሷ አይደለም" አልኩ። "ድምፁ ከእኔ ነው። ከመጀመሪያውም ከእኔ ነበር።"

እናቷ አልገባቸውም። እሷ ግን ወዲያው ገባት። እየነጣች ስትሄድ አየኋት።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ቧንቧው ጋ ጠይቄሽ ነበር።"

እናቷ ፖስታውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርጉታል። "የትል መድኃኒት አጠጥቻታለሁ" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። "አልጠጣም ስትለኝ ይዤ አጠጥቻታለሁ።"

"እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለ አባቴ። "ነገሩ የተጀመረው ከኔ ነው። እኔ ደብቄ ባልኖር ልጄም..." አልጨረሰውም፤ ጉሮሮው ጮኸበት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አባቴ በዚህ ጊዜ አንገቱን በእጁ አልሸፈነም፤ ጆሮው ግን ፍም መስሎ ነበር።

እናቷ ከአባቴ አንገት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጃቸው አዩና "እንዲህ ነው እንዴ የሚጮኸው?" አሏት። እሷም "እንዲህ ነው" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኔን እያየች፣ "ክፍል ውስጥ ትናገሪያለሽ?" አለችኝ።

"እናገራለሁ" አልኳት።

ቁጥራቸው ተጠራ። እናቷ ብድግ ብለው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። "ተራ ይዘናል፣ እንግባ" አሉ። "ደህና ናት ሲሉኝ አሁን አምናቸዋለሁ።"

በማግስቱ ክፍል ስገባ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ማንም የለም። በሩ ላይ ስታየኝ ትንሽ ጠበቀች። ዛሬ አይሆንም፣ ነገ አልኩ። በነጋታው የሒሳብ አስተማሪው ቀሩ፤ እሳቸው ባሉበት ይሻላል አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ደረሰ። ልጆቹ እንቁራሪት ይሏታል፤ እሷ ትዕዛዝ የምትቀበል ይመስል ዝም ብላ ትሰማለች። አንድም ቀን "ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አላለችኝም። ጠዋት ጠዋት ስገባ ብቻ አንድ ጊዜ ቀና ትላለች። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቀና ማለቱን ተወችው።

አባቴ "ተናገርሽ?" ሲለኝ "ተናገርኩ" አልኩት። ለእሱም ዋሸሁ።

በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መርፌውን ተወጋሁ። በሦስተኛው ቀን ገበታ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከሆዴ አንድ ነገር በቀጥታ መጥቶ በአፌ ወጣ፤ ድምፁ ሳህን ያንቀጠቅጣል። እናቴ እንደ ልማዷ "ነውር ነው" ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለራሱም ቀጠሮ አስያዘ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ ቀረ። ለሁለተኛው ቀጠሮ እናቴ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ቀምታው በፊቷ አስቀድማ ወሰደችው።

ሐኪሞቹ አስጠንቅቀውኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግሳቱን መቆጣጠር አትችይም፣ ሲመጣ ይመጣል ብለውኛል። ትምህርት በተከፈተ በአራተኛው ቀን፣ የታሪክ አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ሳለ መጣ። አፌን ለመዝጋት እንኳ አልደረስኩም።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ወደ እኔ አይደለም። እኔ የተቀመጥኩት ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ድምፁም የወጣው ከዚያው ነው። አርባ ስምንት አንገት ግን ወደ ፊት፣ ወደ እሷ ወንበር ዞረ። "እንቁራሪት ቁርሷን በላች" አለ አንዱ።

እጄን አወጣሁ። አስተማሪው ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበር አላዩኝም። ቆምኩ።

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። "የዛሬውም የእኔ ነው፣ ያምናውም የእኔ ነው። ሁሉም የእኔ ነበር። እሷ አንድም ቀን አልጮኸችም።"

አስተማሪው ጠመኔ እንደያዙ ዞሩ። ከኋላ አንድ ልጅ "ልታድናት ነው" ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹ ግን መሳቅ አለመሳቃቸውን ያልወሰኑ ይመስል እርስ በርሳቸው ተያዩ።  እሷን ነበር የማየው፤ ከኋላ የሚታየኝ የተጎነጎነው ፀጉሯና ደብተሯ ላይ የተደፋ ትከሻዋ ብቻ ነው። እስክርቢቶዋ ቆሞ ነበር።

"እሺ፣ ሰማን፤ ተቀመጪ" አሉ አስተማሪው።

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። እሷ ዞር ብላ አላየችኝም። ትንሽ ቆይታ ሰሌዳው ላይ ያለውን መገልበጥ ቀጠለች።